ተከበሩ ወይስ ተቀበሩ?

የምግብ ቤት ሰው ስለ ኪቦርድ ምን አግብቶት ይጽፋል የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኔ የማውቀው ሽንኩርት ማቁላላት፣ ሊጥ ማብኳትና ቅዳሜ ማታ አርባ ሰው ባንዴ ሲገባ አለመደንገጥ ነው። ኮምፒውተር የነካሁት ተገድጄ ነው። ግን ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ በእኔ ጣት ምክንያት ደሴ ላይ ለቅሶ ተቀምጧል፤ ያልሞተ ሰው ተለቅሷል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ልጽፍበት መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም እዚሁ ፍራንክፈርት ነው የሚኖሩት። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እዚህ አገር ከእኔ በፊት የመጡ፣ ለዕድሩም ለቤተ ክርስቲያኑም ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ካባ አለበሳቸው፣ ስጦታም ሰጣቸው። ጋሼ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ሥራዬ ሮጥኩ። በሁለት ትዕዛዝ መሀል፣ እጄን በሽርጤ ጠርጌ፣ ለእናቴ መልእክት ላክሁላት፤ «ጋሼ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ተከበሩ። ብዙ ሰው ነበር። እኔም አለቀስኩ። ነገ እደውላለሁ።»

ይህን የጻፍኩት ግን እንደዚህ በፊደላችን አይደለም። ስልኬ ላይ የነበረው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። እናንተም እንደምታደርጉት ታውቃላችሁ፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል እንጽፈዋለን፣ አንባቢው እንደ ምንም ይፈታዋል። ታዲያ አብዛኞቻችን ለ«ከ»ም ለ«ቀ»ም ያችኑ አንዲት «ኬ» ነው የምንጠቀመው። እናቴ የላቲን ፊደል አታነብም። መልእክት ሲመጣላት የጎረቤት ልጅ ትጠራለች፣ ልጅቷ ታነብላታለች። ያን ቀን ልጅቷ አነበበች፤ «ጋሼ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።»

ልጅቷ ምን ታድርግ? ሰው የሚቀበረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙ ሰው ነበር ይላል። አለቀስኩ ይላል። እኔም ብሆን «ተቀበሩ» ብዬ ነበር የማነበው።

ስልኬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ኮቴ ደግሞ ጓዳ ተሰቅሏል። ባለቤቴም ከእኔው ጋር ወጥ ቤት ናት። ጋሼ በጊዜ ይተኛሉ፣ ሲተኙ ስልካቸውን ያጠፋሉ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለን ስንጨርስ ስልኬን ባወጣው 23 ጊዜ ተደውሎልኛል። መልሼ ደወልኩ። ያነሳችው አክስቴ ናት፣ ከኋላዋ የሴቶች ልቅሶ ይሰማኛል። «ማን ሞተ?» አልኩ። «አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከን!» አለችኝ።

እናቴን «እማዬ፣ ጋሼ አልሞቱም» ብላት አላመነችኝም። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ እንደሚያባብል ታውቃለች፤ ለማጽናናት የምዋሽ መሰላት። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩና የጋሼን በር ደወልኩ፣ በፒጃማቸው ወጡ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፍኩት። እናቴ የእሳቸው ድምፅ መሆኑን ሰምታም አልበቃትም። «አንተ ከሆንክ የአባታችንን በሬ ስም ንገረኝ» አለቻቸው። ጋሼ በእንቅልፍ ዓይናቸው እኔን እያዩ «ቡሬ» አሉ። ያኔ ነው ልቅሶው የቆመው። ጋሼ እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «እኔን ከመቅበርህ በፊት ቡና አጠጣኝ» ይሉኛል።

እኔን የጎዳኝ ግን ያ አይደለም። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ስደውል እናቴ አልተቆጣችም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ማንበብ እችላለሁ» ነው ያለችኝ። እውነቷን ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ ትሄድ ነበር። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ ኩራዝ አጠገብ ቁጭ ብላ «ሀ ሁ ሂ» ስትል አስታውሳለሁ። ምስክር ወረቀቷ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። «ማንበብ እችላለሁ፤ የአንተን ወሬ ግን ሁልጊዜ የምሰማው ከሰው አፍ ነው» አለችኝ። ከዚያ አሰብኩ። ኩላሊቴን ኦፕራሲዮን ስደረግ በመልእክት ነው የነገርኳት። ምግብ ቤቱ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ገንዘብ መላክ ሲያቅተኝም በመልእክት ነው። ያንን ሁሉ መጀመሪያ ያነበበችው የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከዚያ እናቷ፣ ከዚያ ሰፈሩ። የቤቴን ገመና እኔው በገዛ እጄ ስበትነው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ በ55 ዓመቴ ኪቦርድ መማር ጀመርኩ። አስተማሪዬ የ13 ዓመት ልጄ ናት።

ኪቦርድ የሚባለው ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም። ልጅ ሆኜ ደሴ ፍርድ ቤቱ በር ላይ የጽሕፈት መኪና የያዙ ራፖር ጸሐፊዎች ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። እናቴ በቤት ክርክር ጊዜ ይዛኝ ሄዳ ታውቃለች። እሷ በሹክሹክታ ትናገራለች፣ ሰውየው ይመታል፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ ከዚያ ደወል፣ ከዚያ ወረቀቱን የተሸከመውን ክፍል በእጁ ገፋ። ያኔ ያላስተዋልኩት ነገር ቢኖር አንዷን ፊደል ለመጻፍ ሁለት ጊዜ መምታቱን ነው። መጀመሪያ ዋናውን አካል፣ ከዚያ የምትቀጠለዋን እግር ወይም ቀለበት። ያለዚያ አይሆንም ነበር። ፊደላችን 33 ቤት አለው፣ እያንዳንዱ ሰባት ልጆች አሉት፤ ይህ ብቻ 231 ነው፣ እነ «ሏ» እና «ቋ» ሳይቆጠሩ። ይህን ሁሉ በአንድ መኪና ላይ መደርደር አይቻልም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምረው ፊደላችንን ለጽሕፈት መኪና ለማስማማት ከደከሙት አንዱ ኢንጂነር አያና ብሩ ነበሩ። ለልጄ ስማቸውን ስነግራት «ምን ኮምፒውተር ነበራቸው?» አለችኝ። ምንም።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ የዛሬው ኪቦርድ የመጣላቸው ከጽሕፈት መኪና ነው። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስ ሚልዋኪ ከተማ የሠራውን መኪና ሬሚንግተን የተባለው የጠመንጃ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ አወጣው። በላይኛው መስመር ከግራ ጀምሮ ያሉት ስድስት ፊደላት ሲነበቡ «ኩዌርቲ» ይላሉ፣ የአደራደሩም ስም ይኸው ሆኖ ቀረ። ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ የመኪናው ብረቶች እርስ በርስ እንዳይጠላለፉ ነው የሚሉ አሉ፣ የቴሌግራም ሠራተኞች ፍላጎት ነው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ ብረቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ አደራደሩ ግን አለ። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚያቀያይረው ሺፍት የሚባለው ቁልፍ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1878 የሬሚንግተን ሁለተኛ መኪና ላይ ነው የመጣው። ሺፍት ማለት ማዛወር ነው፤ ያኔ በእውነት የመኪናውን ሆድ ከቦታው ያዛውረው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ጣጣ። እኔ ያለሁት ጀርመን ነው። የጀርመን ኪቦርድ ላይ «ዋይ» እና «ዜድ» ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ጀርመንኛ «ዜድ»ን በብዛት ይጠቀማል፣ «ዋይ»ን ግን እምብዛም ነው። ስለዚህ እነሱ ዘንድ «ኩዌርትዝ» ነው። ፈረንሳይና ቤልጂግ ያላችሁ ደግሞ «ኤ» እና «ኪው» ተቀያይረውባችኋል፣ ቁጥር ለመጻፍ እንኳ ሺፍት መጫን አለባችሁ። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ አንድ ቁልፍ ላይ የዓረብኛም የላቲንም ፊደል ታያላችሁ፣ እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የዕብራይስጡን። ሰው አገር ስንቀይር ቋንቋውን እንማራለን፤ ጣታችን ግን የድሮው አገር ላይ ይቀራል።

እኔ መጀመሪያ ጀርመን ስመጣ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ኢሜይል ልልክ ብዬ የ«አት» ምልክቱን ሩብ ሰዓት ፈልጌያለሁ። በደቂቃ ነው የሚያስከፍሉት። ሰው ለመጠየቅ አፈርኩ። ኋላ ላይ አንድ የሶማሌ ልጅ አሳየኝ፤ ከስፔስ በስተቀኝ ያለውን «አልት ጂአር» የሚለውን ቁልፍ ይዞ «ኪው»ን መምታት ነው። በዚሁ ቁልፍ ከ«ኢ» ጋር የዩሮ ምልክት ይወጣል። የምግብ ዝርዝር ለሚጽፍ ሰው ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ሌሎቹም ቁልፎች ስማቸው ጀርመንኛ ነው። እንግሊዝኛው «ኮንትሮል» የሚለው እዚህ «ሽቶየሩንግ» ነው፣ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ግን አጥሮ አራት ፊደል ብቻ ስለሆነ ጀርመኖቹ ራሳቸው እንኳ እንዴት እንደሚጠሩት አይስማሙም። ይህ ቁልፍ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ከሌላ ጋር ሲሆን ነው ጉልበቱ። ከ«ሲ» ጋር ይቀዳል፣ ከ«ቪ» ጋር የተቀዳውን ይለጥፋል፣ ከ«ዜድ» ጋር የተሳሳቱትን ይመልሳል። ይህን የመጨረሻውን ለወጥ ቢሠሩልኝ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ። ጨው አብዝተህ «ዜድ» ብትመታው!

ልጄ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ግን ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። «አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍንና ኪቦርዱን ዳስስ» አለችኝ። «ኤፍ» እና «ጄ» ላይ ትንሽ ትንሽ ጉብታ አለ። እኔ ለስንት ዓመት ቆሻሻ የደረቀበት ይመስለኝ ነበር፤ የምግብ ቤት ኪቦርድ ነዋ፣ ቅቤና በርበሬ አያጣም። ለካስ የሁለቱ ሌባ ጣቶች ማረፊያ ምልክት ነው። እዚያ ላይ ካረፋችሁ የቀሩት ጣቶች የየራሳቸውን ቤት ያገኛሉ። በቀኝ በኩል ያሉት የቁጥር ቁልፎች መሀል «5» ላይም እንዲሁ ጉብታ አለ። የእነዚያን ነገር አንዴ ልብ በሉልኝ፤ ስልክ ላይ 1፣ 2፣ 3 ከላይ ናቸው፣ ኪቦርድና ካልኩሌተር ላይ ግን ከላይ ያሉት 7፣ 8፣ 9 ናቸው። የእኔ አስተናጋጆች ሒሳብ ሲሳሳቱ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

እንግዲህ አማርኛው። ኮምፒውተሩ ላይ ፊደላችን አለ፤ መቀስቀስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቋንቋ የሚጨመርበት ቦታ ገብቶ አማርኛን መጨመር ነው፤ ልጄ በሦስት ደቂቃ ጨረሰችው። ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዞ ስፔስን ሲመቱ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ ይዞራል፣ መልሶ ሲመቱት ይመለሳል።

አጻጻፉ በድምፅ ነው። ተነባቢውን ትመታላችሁ፣ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢ ስትጨምሩበት ይለወጣል። «ኤል»ን ስትመቱ «ል» ይላል። «ኢ» ስታስከትሉ «ለ»፣ «ዩ» ሲሆን «ሉ»፣ «አይ» ሲሆን «ሊ»፣ «ኤ» ሲሆን «ላ»፣ «ኦ» ሲሆን «ሎ»። ኃምሱን «ሌ»ን ለማግኘት ሺፍት ይዞ «ኢ»ን መምታት ነው። የራፖር ጸሐፊው ሁለቴ መምታት ትዝ አይላችሁም? ያው ነው፣ ድምፁ ብቻ ጠፋ። ጠበቅ ያሉት ድምፆች ደግሞ ሺፍት ይፈልጋሉ፤ «ቲ» ብቻዋን «ት»፣ በሺፍት «ጥ»፤ «ሲ» ብቻዋን «ች»፣ በሺፍት «ጭ»፤ «ኤን» ብቻዋን «ን»፣ በሺፍት «ኝ»። «ሽ»ን «ኤክስ» ላይ ታገኟታላችሁ። ፕሮግራሙ ሌላ ከሆነ አንዳንዱ ይለያያል፣ አብዛኛው ግን ይኸው ነው።

«ክ» እና «ቅ»ስ? «ክ» በ«ኬ»፣ «ቅ» በ«ኪው»። «ኪው» ከላይ ግራ ጥግ ናት፣ «ኬ» ቀኝ እጅ መሀል ጣት ሥር። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል «ተከበሩ» ነው። ሁለተኛው «ተቀበሩ»። አሥር አሥር ጊዜ ጻፍኳቸው። ልጄ ምን ሆነህ ነው ብላ ሳቀችብኝ።

የጀርመን ኪቦርድ ግን ዝም ብሎ አይገዛም። የአማርኛው ፕሮግራም በእኔ ኮምፒውተር ላይ ኪቦርዱን አሜሪካዊ አድርጎ ነው የሚያስበው። ቁልፉ ላይ የተጻፈውን አያይም፣ ቦታውን ነው የሚያየው። ስለዚህ «የት ነሽ» ልጽፍ ብዬ «ዋይ»ን ስመታ «ዘት ነሽ» ይወጣል። «ዛሬ» ልል «ያሬ»። አራት ነጥብ ደግሞ ሁለት ነጥቡን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው የሚገኘው፤ የጀርመኑ ሁለት ነጥብ ያለበት ቁልፍ ላይ ብመታ ብመታ አይመጣም። ለካስ በአሜሪካኑ ኪቦርድ የሁለት ነጥብ ቦታ የጀርመኑ ነጠብጣብ ያለባት «ኦ» የተቀመጠችበት ነው። ሺፍት ይዤ እሷን ሁለቴ ስመታ፣ ይኸው አራት ነጥብ። ያለ ሺፍት ከሆነ ድርብ ሰረዝ። ይህን ያገኘነው እኔና ልጄ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየመታን ነው፤ ያገኘነውን በትንንሽ ወረቀት ጽፈን ቁልፎቹ ላይ ለጠፍን። አሁን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ተለጣፊ አለ ይሉኛል፣ እኔ የራሳችንን እመርጣለሁ።

የዚህ የመለዋወጥ ነገር ሌላ መዘዝም አለው። እዚህ የሽያጭ ግብር እስከ ወሩ 10ኛ ቀን በኮምፒውተር ማስታወቅ ግዴታ ነው። አንድ ወር በ10ኛው ቀን ማታ ቁጭ ብዬ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ፤ ስህተት ነው አለኝ። ደገምኩ። ስህተት። ሰለስኩ፣ ዘጋብኝ። የይለፍ ቃል ስትጽፉ የሚታያችሁ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ የተሳሳተውን ማየት አትችሉም። ያን ቀን ከሰዓት ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ሠርታ ኪቦርዱን በአሜሪካን አደራደር ትታው ነበር፣ የእኔ ቃል ውስጥ ደግሞ «ዜድ» አለች። በልጄ ልፈርድ አልችልም፤ ከሰዓቱ አጠገብ ቋንቋውን የሚያሳየውን ትንሽ ጽሑፍ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የይለፍ ቃሌን መጀመሪያ ስም በሚጻፍበት ቦታ እጽፈዋለሁ፣ በዓይኔ አየዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ፣ ከዚያ በቦታው አስገባዋለሁ። አጠገቤ ሰው ከሌለ ነው ታዲያ።

የነጥብና የሰረዝ ነገርም አለ። እኛ አሥራ ሁለት ተኩል ኪሎ ስንል በቁጥር አጻጻፋችን መሀሉ ላይ ነጥብ እናደርጋለን፣ ጀርመን ግን ሰረዝ ነው የሚያደርገው። የጤፍ ትዕዛዜን በሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ላይ 12.5 ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ቀን መሰለው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግንቦት 12 ብሎ ለወጠልኝ። ሳላየው ላክሁት። ጤፍ አቅራቢው ደውሎ «ግንቦት ድረስ እንጀራ አትጋግርም እንዴ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ሲያየኝ ይስቃል።

አንዳንዶቻችሁ ድሮ አማርኛ በኮምፒውተር ስትጽፉ የደረሰባችሁን ታስታውሱ ይሆናል። ምግብ ቤቱን ልከፍት ስል የምግብ ዝርዝሩን በአማርኛም በጀርመንኛም አድርጌ ማተሚያ ቤት ወሰድኩ። እነሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «ዶሮ ወጥ» የቁጥርና የነጥብ ዝብርቅርቅ ሆነ። ያኔ እኛ የምንጠቀምበት ፕሮግራም ፊደላችንን የሚያውቀው በራሱ ቤት ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው ጋ ያው የፊደል ዓይነት ካልተጫነ አይነበብም። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት ሁሉ መዝገብ የእኛን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የማይለወጥ ቁጥር አለው። ወደየሰው ኮምፒውተርና ስልክ እስኪደርስ ግን ዓመታት ፈጀ። ዛሬ እኔ ፍራንክፈርት የጻፍኩትን «ቀ» ደሴ ያለ ስልክ «ቀ» ብሎ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስልኩማ ከኮምፒውተሩም ይቀላል። የስልካችሁን ኪቦርድ ማስተካከያ ከፍታችሁ አማርኛን መጨመር ነው፤ የጎግሉ «ጂቦርድ» አማርኛ አለው። አንዳንዱ ኪቦርድ ላይ ፊደሉን ነካ ስታደርጉት ሰባቱ ልጆቹ ተደርድረው ይመጣሉ፣ የፈለጋችሁትን መምረጥ ነው። የላቲኑን ማጥፋት አያስፈልግም፣ በአንዲት ቁልፍ ከአንዱ ወደ አንዱ ትዞራላችሁ። ጣት እስኪለምድ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እኔ አምስት ደቂቃ የፈጀብኝ ቀን አለ፤ ወጥ እስኪያርርብኝ ድረስ።

ስለ ልጆቹ ትንሽ ልበል። ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የአማርኛ ትምህርት አለ፣ የእኔም ልጅ እዚያ ነው ፊደል የቆጠረችው። ግን ፊደል ቆጥራ የምትጽፍበት አልነበራትም። ጓደኞቿ ሁሉ መልእክት የሚጽፉት በስልክ ነው፣ ደብተር ላይ ማን ይጽፋል? አንዳንድ ወላጅ ልጆቹ በኪቦርድ ከለመዱ የእጅ ጽሑፉን ይረሳሉ ብሎ ይሰጋል። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። «ለ» ማለት የ«ል» እና የአንዲት አናባቢ ጋብቻ መሆኑን ልጄ የገባት ኪቦርዱ ላይ ነው። ገበታው ላይ 231 ሥዕል መስለው ይታዩዋት የነበሩት፣ «ለካ ሥርዓት አለው እንዴ!» አለች። እኔ እኮ ሃምሳ ዓመት ስጽፈው ያንን አስቤው አላውቅም። በእጅ መጻፉ እንዳይቀር ደግሞ የገና ካርዱን በእስክሪብቶ ነው የማጽፋት፤ እሱን ስምምነት አድርገናል።

ለአያቷ የመጀመሪያውን መልእክት ራሷ ጻፈች። ሦስት መስመር ናት፤ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሆነ፣ በረዶ እንደጣለ፣ እማማን እንደምትወዳት። «እወድሻለሁ» የሚለው ላይ «ሽ»ን ፍለጋ ብዙ ቆየች። እኔ አላገዝኳትም፣ «ኤክስ» ላይ ናት ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

እናቴ የዚያን ቀን ማንንም አልጠራችም። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን መስኮቱ አጠገብ ይዛ፣ ፊደል በፊደል ብቻዋን አነበበችው። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት። የጎረቤት ልጅ ስትመጣ «ዛሬ ሥራ የለሽም፣ ቡና ጠጪ» አለቻት አሉ። ከዚያ በድምፅ መልስ ላከችልን፤ ልጄና እኔ ሶፋው ላይ ሆነን አዳመጥነው። ብዙ መረቀቻት። ቀጥላ «ፊደሏ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ አራት ነጥብ ረስታለች፤ እኛ መሠረተ ትምህርት ስንማር ለዚህ ነጥብ ይቆርጡብን ነበር» አለች። ልጄ «አባዬ፣ የትኛዋ ቁልፍ ነበረች?» ብላ ተነሳች።

እኔም አሁን ለእናቴ በየሳምንቱ እጽፍላታለሁ፤ ስለ ኩላሊቴም፣ ስለ ሥራውም። እስካሁን «ተከበሩ» የሚለውን ቃል ዳግመኛ አልተጠቀምኩበትም። ጋሼ ባለፈው ወር 75 ዓመት ሲሞላቸው ድግሱን «ልደታቸውን በልተን ጠጥተን አሳለፍን» ብዬ ነው የጻፍኩላት። ቢሆንም ደውላ ጋሼን ስልክ ላይ አቅርብልኝ አለችኝ።